ውኃው እስኪጠራ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለትርንጎ፣ ከግቢያችን፣ ከሽፈራው ዛፍሽ አጠገብ ላለሽው።

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንቺ ግን ከጤናም ከሕመምም ወዲያ ስለሆንሽ ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። እኔም ደህና ነኝ ብልሽ ታውቂብኛለሽ። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ደህና ሆኜ የማላውቅ ሰው ነኝ። «አቶ ምናልባት» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ በከንቱ አይደለም፤ ምናልባት ልጅቷ ትኩሳት አላት፣ ምናልባት በሩ አልተቆለፈም፣ ምናልባት ያ ሰውዬ የተቆጣው በእኔ ነው። ዛሬም ያው ነኝ። ልዩነቱ «በቃህ እንግዲህ» የሚለኝ ሰው መጥፋቱ ነው።

ከተለየሽን ዓመት አልፎ ወደ ሁለተኛው ገባ። ቀኑን እኔ ብረሳው ዓባይ አይረሳውም። አንቺ ያረፍሽው ውኃው መደፍረስ በጀመረበት ሰሞን ነበር፤ ይኸው ዘንድሮም ደፈረሰ። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ጭቃው ቀንሷል የሚሉ አሉ። እኔ ባልዲ ይዤ ስወርድ የማየው ግን ያንኑ የምታውቂውን ቀይ ውኃ ነው። «አገራችን በዓመት አንዴ ልትጠይቀን ትመጣለች፣ እኔም በዚር ጋኔ ሥር አስተኛታለሁ» ትዪ ነበር። የጎጃም አፈር ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ እዚህ ሱዳን፣ ባሕሪ ድረስ መጥቶ በአንቺ እጅ ጸጥ ማለቱ ያስቅሽ ነበር። እኔን አሁን አያስቀኝም፤ ግን ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

ይህን የምጽፍልሽ ግቢው ውስጥ፣ ያ ሆደ ሰፊው የሸክላ ዚራችን ፊት ለፊት፣ ጀሪካን ገልብጬ ተቀምጬ ነው። ጠዋት ከወንዝ ባመጣሁት ውኃ ሞላሁት፤ የሽፈራውሽን ፍሬ ወቅጬ፣ በጨርቅ አጥልዬ ጨመርኩበት፤ አማሰልኩት፤ ከደንኩት። አሁን የቀረው መጠበቅ ብቻ ነው። መጠበቅ ደግሞ ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ክዳኑን ከፍቼ ካላየሁ የጠራ አይመስለኝም፤ ልየው ስል ደግሞ ዚሩን እነቀንቀዋለሁ፤ የተኛው ጭቃ መልሶ ይነሳል። «እጅህን ሰብስብ፣ ውኃ እየጠበቁት እንጂ እየነካኩት አይጠራም» ትዪኝ ነበር። እጄ አልሰበሰብ ስላለኝ እስክሪብቶ አስያዝኩት።

ትርንጎዬ፣ ነገ ጠዋት የሰፈሩ ወጣቶች፣ ሸባቡ፣ አካፋና ነጭ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። አንቺን ከዚህ አንስተው ከድልድዩ ማዶ ወደ ክርስቲያኖች መቃብር ሊወስዱሽ ነው። እሺ ብያለሁ። ግን አንቺን ለማንሳት የሽፈራውሽን ሥር መቁረጥ ግድ ነው። ዛፉ ከደረቀ ደግሞ በዚህ በበሽታ ወራት ይህ ሁሉ ጎረቤት፣ የልጅ ልጃችንም ጭምር፣ የወንዙን ውኃ በምን ያጠራል? ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገርሽ፤ ጥላው የዚሩ እግር ላይ እስኪደርስ ጊዜ አለኝ። የአንቺ ሰዓት እሱ እንደነበር አልረሳሁም፤ የግድግዳው ጥላ የዚሩን እግር ሲነካ ውኃው ደርሷል።

በቅድሚያ የምሥራቹን። ልጃችን ሳባ በሰላም ተገላገለች። ከአንቺ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ መጣችልን፤ ሄራን አልናት። ግንባሯ የአባቷ ነው፣ ቁጣዋ የአንቺ። ስትራብ አታለቅስም፤ ትገላምጣለች። አባቷ ሥራ ፍለጋ ፖርት ሱዳን ነው፤ ሳባ ልጇን ይዛ እኔ ዘንድ ናት። ሄራን መዳህ ጀምራለች፤ ከሁሉ አስቀድማ የምትሄደው ወደ ዚሩ ነው፤ ሸክላው ስለሚቀዘቅዝ ጉንጯን ትለጥፍበታለች። እኔም በኋላዋ እሮጣለሁ፤ ምናልባት ይወድቅባት ይሆናላ።

በጦርነቱ ይዘውን የነበሩት ታጣቂዎች ባሕሪን ከለቀቁ በኋላ ሰው አንድ በአንድ እየተመለሰ ነው። የተመለሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ቧንቧውን መክፈት ነው። ቧንቧው ይተነፍሳል እንጂ ጠብ አይለውም። የውኃ ማጣሪያው ጣቢያ እንደቆመ ነው፤ ዛሬ ነገ ይሠራል ይሉናል፣ እኛም ኢንሻላህ እንላለን። ራዲያተር የምጠግንበት ወርሻዬ ከመዝጊያው እስከ ምስማሩ ተወስዶ ባዶ ግድግዳ ነው የጠበቀኝ፤ ከስብርባሪው ሥር አንዲት የብረት መጋዝ ብቻ አገኘሁ። ሰው ከዓባይ ይቀዳል፤ ጉልበት የሌለው በአህያ ጋሪ ከሚያዞሩት ይገዛል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚሉት ተረት መሆኑ ቀርቶ አድራሻችን ሆኗል።

እንዲህ በሆነበት ጊዜ ነው የአንቺ ዛፍ ዋጋው የታወቀው። ትዝ ይልሻል ካፉሪ ሰፈር፣ እዚያ ትልቁ ቪላ የምትሠሪበት ዘመን? የቤቱ ሰዎች የታሸገ ውኃ ሲጠጡ፣ ሐቦባ የሚሏት አሮጊት አያታቸው ግን ከዚሯ በቀር አልጠጣም ብላ፣ አንቺን ፍሬ እያስወቀጠች የወንዝ ውኃ ታስጠራሽ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለሺ ከቦርሳሽ ወረቀት የመሰለ ክንፍ ያላቸው ፍሬዎች አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ በተንሽ። ሱዳኖቹ ረዋግ ይሉታል፣ የሚያጠራው እንደማለት። በአገራችን ሽፈራው የሚባለው ዛፍ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው፤ እኛ ደገኞች ስሙን ብንሰማ እንጂ ዛፉን የት አይተነው። እኔም ሳቅኩብሽ። ፍሬ ውኃ የሚያጠራ ከሆነ ወርሻዬን ዘግቼ በየራዲያተሩ አንድ አንድ ልጣል አልኩሽ። አንቺ ግን ከወንዙ ውኃ በብርጭቆ ቀድተሽ፣ የተወቀጠውን ጨምረሽ አማስለሽ ፊቴ አስቀመጥሽው። ራት በልተን፣ ወሬያችንን ጨርሰን ስንነሳ ጭቃው ሥር ተኝቷል፣ ላዩ ጥርት ብሏል። «ምናልባት ያስቀምጥ ይሆናል» አልኩ። አንቺም አፍልተሽ ሻይ አድርገሽ ሰጠሽኝ። እየፈራሁ ጠጣሁት፤ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ያተረፍሽውን ፍሬ ከግድግዳው አጠገብ ተከልሽው፤ ሳናስበው ከጣሪያው በላይ ሆነ።

ሥራውን የተማርኩት ግን በጦርነቱ ነው፣ አንቺ አልጋ ላይ ሆነሽ። የስኳርሽ መርፌ ከጠፋ በኋላ መቆም ሲያቅትሽ፣ አልጋሽን ወደ በሩ አስጠግቼልሽ በዓይንሽ እየተከተልሽ ትመሪኝ ነበር። አረንጓዴውን ዘለላ አትንካ፣ ዛፉ ላይ ደርቆ ቡናማ የሆነውን ልቀም። ክንፉን ግፈፍ፣ ነጩን ውቀጥ፣ በጥቂት ውኃ በጥብጥ፣ በጨርቅ አጥልል። ስታማስል መጀመሪያ እንደተቆጣ ሰው፣ ቀጥሎ እንደታረቀ ሰው አማስል። ከዚያ ልቀቀው። ሲጠራ ከላይ ከላዩ ቅዳ፤ ለሚጠጣው አፍላ፤ ሲመሽ የተረፈውን ድፋ። ይህ የመጨረሻው ያናድደኝ ነበር። በተኩስ መሃል ወርጄ የተሸከምኩትን ውኃ ድፋ ትይኛለሽ! አንቺ ግን ፍሬ የገባበት ውኃ ካደረ ይበላሻል ብለሽ አንዲት ጠብታ አላሳደርሽም። የተረፈውን ሁሉ ከዛፉ ሥር ታስደፊኝ ነበር።

ያረፍሽ ቀን ጠዋት የሞላሁት ዚር ጠርቶ ነበር። ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ በግድግዳው ላይ ለቅሶዬን ሰምታ መጣች። በእሷ ሃይማኖት ሌላ ሥርዓት፣ በእኛ ሌላ፤ ግን ሌላ ሴት አልነበረም፤ ሳባም በከባድ ሆዷ መታጠፍ አልቻለችም። ሐጃ እህቷን እንደምታጥብ አጠበችሽ፣ አንቺው በመራሽኝ በጠራው ውኃ። ድልድዩ ዝግ ነው፤ መድፉ አላባራም፤ ቄስ የለም። በግድግዳውና በዛፉ መካከል ቆፍረን አሳረፍንሽ። አቡነ ዘበሰማያትን ደገምኩ፤ መሃል ላይ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። ያለ ፍትሐት እንዳትቀሪ ያልሽኝን አስታውሼ፣ መንገድ ሲከፈት ቄስ ወዳለበት እወስድሻለሁ ብዬ አፈርሽ ላይ ቃል ገባሁልሽ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የተረፈውን ውኃ ዛፉ ሥር አልደፋሁትም። ከአንቺ ላይ እደፋዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሳባ ጠይቃኝ ነበር። ለአንቺም ይድረስሽ ብዬ ነው። በዚህ ሙቀት አፈርሽ ሲሰነጠቅ ማየት አቃተኝ።

አሁን ወደ ጭንቁ ልምጣ። አንቺ ካረፍሽ በኋላ የሐጃ ልጆች ከግድግዳው ማዶ የውኃ ጉድጓድ ቆፈሩ። ያ ጉድጓድ ለሰፈሩ ሠርግ ነበር! ውኃው እንደ መስተዋት ነው። መውቀጥ የለ፣ ማማሰል የለ፣ መጠበቅ የለ። የዓባይ ውኃ ዘንድሮ ሲደፈርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ፍሬ ሊወስዱ በራችንን ያንኳኩ የነበሩ ሴቶች ተመናመኑ። እኔ ከወንዙ አልተላቀቅኩም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከብልኀት አይደለም። ፍሬውን ስወቅጥ ከአንቺ ጋር የምሠራ ስለሚመስለኝ ነው።

ከዚያ ሄራን ታመመች። ተቅማጥና ትውከት። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፤ መገላመጧን ተወች። በሰፈሩ ሰው እየሞተበት ያለው በሽታ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙን ግን የሚጠራ የለም። ሳባ አንዴ ዚሩን፣ አንዴ እኔን አየች። ባትናገርም ሰማኋት። ምናልባት ፍሬው አንሶ ይሆን? ምናልባት በዝቶ? ምናልባት ሳላፈላው የሰጠኋት ቀን ነበር? አንቺን እጠይቅ ነበር፤ የምጠይቅሽ ቦታ አፈር ሆነ። ዚሩን ደፋሁት። ፍሬ የጠየቁኝን ሁለት ሴቶችም አልሰጥም ብዬ መለስኳቸው፤ እነሱም ወደ ጉድጓዱ ሄዱ።

አንዲት ወጣት ነርስ አለች፣ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር በየቤቱ የምትዞር፤ ድካም ጀርባዋን አጉብጦታል። ለሄራን በውኃ የሚበጠበጠውን ጨውና ስኳር ሰጠች፤ በማንኪያ፣ ቀስ በቀስ፣ ብታስመልሰውም መልሳችሁ ስጧት አለች። ሳባ ስትሰጣት፣ እኔ ስሰጣት፣ ልጅቷ በማግስቱ አንዴ ገላመጠችኝ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፣ በአንቺም ቀን እንኳ። ነርሷ እያንዳንዱን ቤት የምን ውኃ እንደሚጠጣ ጠየቀች። ያን ጊዜ ሳባ አስታወሰች፤ ሐጃ ዘንድ ልጇን ይዛ በተጫወተች ቀን ለሄራን ከጉድጓዱ ውኃ አጠጥታታለች። የታመሙት ቤቶች ሁሉ ከጉድጓዱ የሚቀዱ ነበሩ። ያ እንደ መስተዋት ያልነው ውኃ! ነርሷ ለሁላችንም፣ ጥርት ያለ ሁሉ ንጹሕ አይደለም ብላ አስረዳችን። የእኔንም ዚር አልማረችውም። ፍሬው ጭቃውን ሲያወርድ ብዙውን ተውሳክ አብሮ ያወርዳል፣ ሁሉንም ግን አያወርድም፤ አፍሉት፤ ከሰል ካጣችሁ የጠራውን በነጭ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስተኙት አለች። ከተረፈም አታሳድሩት። ይህን ስትል ወደ መቃብርሽ ዞሬ አየሁ። አንቺ ስታፈዪ ለሻይ፣ ስትደፊ ለንጽሕና አብዝተሽ ነበር የሚመስለኝ። ለካስ ግማሹን ሥራ ሳላይ ኖሬያለሁ።

እዚህ ድረስ ነርሷን ወደድኳት። ቀጥሎ ያለችውን ግን ስሚ። ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም፣ የሐጃ ሽንት ቤትም አጠገቡ ነው አለች። ከዚያ በግድግዳው ላይ አሻግራ ወደ እኛ ግቢ አየችና፣ መቃብርም ለጉድጓድ ቅርብ መሆን የለበትም፤ በጦርነቱ በየግቢው የተቀበሩት ሁሉ ሊነሱ ነው፣ ጉድጓድ አጠገብ ያሉት ይቅደሙ አለች። አብረዋት ያሉት ልጆች በግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ።

ትርንጎዬ፣ አንቺ ለሰፈሩ ውኃ ስታጠሪ የኖርሽው ውኃ ታበላሻለች ተባልሽ። ደሜ ፈላ። ነርሷን ከግቢዬ ውጪ አልኳት። የልጅ ልጄን ያዳነችልኝን ልጅ! በሩን በላይዋ ዘጋሁት። ቀለሙንም በጨርቅ ልጠርግ ሞከርኩ፤ ተለቀለቀ እንጂ አልጠፋም፤ ይኸው አሁንም ከፊቴ አለ።

ሐጃ ዘይነብ ናት ያበረደችኝ። የእሷም ሽንት ቤት ሊደፈን፣ የልጆቿ ጉድጓድ ሊዘጋ ነው፤ ግን ለእኔ ሻይ ይዛ መጣች። «ያ አቡ ሳባ» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ እኔን የሳባ አባት አንቺን የሳባ እናት እያለች፣ «ኡም ሳባ ብትሰማ ኖሮ አንተን ሳትጠብቅ አካፋውን ራሷ ታነሳ ነበር፤ ያላ፣ ተነስና ነርሷን ይቅርታ ጠይቅ።» ምን እላለሁ? እውነቷን ነው። የተረፈ ውኃ እንኳ ማሳደር የማትወጂ ሴት፣ በአንቺ ምክንያት የሰው ልጅ ታመመ መባልን የት ትችዪዋለሽ? ቄሳችንም ተመልሰዋል፤ ድልድዩም ተከፍቷል፤ ቃሌንም ልፈጽም ጊዜው ደርሷል። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ነርሷም በድካም ፈገግ ብላ፣ በር የዘጋባት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ነገረችኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት። ሸባቡ ቦታውን ለማየት መጥተው አፈሩን ከላይ ገፈፍ ሲያደርጉ ሥር አገኙ። ቀጭን አይደለም፤ የእጄን አንጓ የሚያክል። አንድም አይደለም። የሽፈራውሽ ሥር ወዳንቺ ዞሮ፣ መቃብርሽን ከዳር እስከ ዳር አልብሶታል። ለምን እንደሆነ ገባኝ። በዚህ ደረቅ ምድር ሥር የሚሄደው ውኃ ወዳለበት ነው። ማታ ማታ ከአንቺ ላይ ስደፋ፣ ዛፉን በገዛ እጄ ወዳንቺ ስጠራው ነው የከረምኩት። ሥሩ ሳይቆረጥ መቆፈር አይቻልም አሉ። ሥሩ ከተቆረጠ ዛፉ ምን ይሆናል ብዬ ብጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቂኝ። አንቺን ባላነሳ ቃሌን አፈረስኩ፣ የሰውንም ውኃ አስጠረጠርኩ። ባነሳሽ ዛፉን ገደልኩ። ጉድጓዱ ተዘግቷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ወንዙ ተመልሷል፤ ሴቶቹ እንደገና በራችንን ያንኳኳሉ፤ ፍሬ የምሰጠው ከአንድ ዛፍ ነው። የደረቀውን ሁሉ ለቅሜ ጆንያ ሞልቻለሁ፤ ግን ጆንያ ያልቃል።

አሁንም ሐጃ መጣች። ዛፉን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ የክንዴን ያህል የሚወፍር ቅርንጫፍ አስቆርጣ ወስዳ፣ እንደ አጥር እንጨት ግቢዋ ውስጥ ተከለችው። ረዋግ እንዲህ ነው፣ ግንዱም ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ቅርንጫፉም ይበቅላል አለችን። ዜናው በሰፈሩ ሮጠ። ከዚያ በኋላ የመጣችው ሴት ሁሉ ከፍሬው ጋር አንድ አንድ ቅርንጫፍ እየተሸከመች ሄደች። ዛፍሽ ተመልምሎ ብታዪው ታዝኚለታለሽ። እኔም በግቢያችን ሌላኛው ጥግ፣ ከማንኛውም ጉድጓድ ርቄ፣ አንዱን ተከልኩ።

ይበቅል ይሆን? ምናልባት። በየጠዋቱ ሄጄ ልጡን በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አረንጓዴ መሆኑን አያለሁ። ሳባ ትናንት አየችኝና «ባባ፣ ኸሊሁ! ቆዳውን ገፈህ ልትጨርሰው ነው እኮ፣ ተወው!» ብላ ጮኸችብኝ። ድምጿ የአንቺ ድምፅ ነበር። እጄን ሰበሰብኩ። ከሁሉም ግቢ አንድ የሐጃ ብቻ ጉጥ አውጥቷል፤ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር። ሰፈሩ በሙሉ እየሄደ አየው። እኔም አየሁት፤ አልነካሁትም፤ ሐጃ ዱላ ይዛ ቆማ ነበር።

ስለዚህ ነገ ነው። እፈራለሁ፣ ትርንጎዬ። አንቺን እንዳየሁሽ ሳይሆን ሌላ ሆነሽ ማየትን እፈራለሁ። ሥሩ አጥብቆ ይዞሽ እንዳይሆን እፈራለሁ። ዛፉ ነገ ተነገ ወዲያ ቅጠሉን ሲያጠወልግ ሴቶቹ በምን ዓይን እንደሚያዩኝ እፈራለሁ። ሄራን እንደገና ብትታመምስ? ልጆቹ ሥሩን በመጥረቢያ እንመታዋለን አሉኝ። አይሆንም አልኩ። መጥረቢያ ያናጋዋል፣ ግንዱን ይሰነጥቀዋል። ከወርሻዬ የተረፈችውን የብረት መጋዝ ትናንት ስስላት ዋልኩ። ሥሩን እኔ እቆርጠዋለሁ፣ አንድ በአንድ፣ በቀጥታ፣ በልክ። ወዳንቺ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ካንቺ የምለየውም እኔ ልሁን። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእነሱ እተዋለሁ። ቄሱ ማዶ ይጠብቁሻል። ፍትሐትሽ ይደረጋል።

አንድ ነገር ልማልልሽ። ማታ ማታ የሚተርፈው ውኃ መደፋቱ አይቀርም፤ ከእንግዲህ ወደ ግንዱ ነው። ሳባ መውቀጡን ይዛዋለች፤ መጀመሪያ እንደተቆጣ፣ ቀጥሎ እንደታረቀ ማማሰሉን አሳይቻታለሁ፤ ማፍላቱንም አልዘነጋሁም። ሄራን አድጋ ይህን ማን አስተማራችሁ ስትል ስምሽን እነግራታለሁ። የደረቁ ፍሬዎች በመሐረብ ቋጥሬያለሁ፤ ቄሱ ከፈቀዱልኝ ከራስጌሽ እተክላቸዋለሁ፤ እዚያ የሚበላሽ ጉድጓድ የለም፣ ሥሩም እንደፈለገ ይምጣ። ሳልመጣ የምውልባቸው ቀኖች ይኖራሉ፤ ድልድይ ይዘጋል፣ እግሬም እያረጀ ነው። አልረሳሽም። ስለ ብዙ ነገር ምናልባት ብዬሻለሁ፤ በዚህ ላይ ግን ምናልባት የለብኝም።

ጥላው አሁን የዚሩን እግር ነካ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው በሩ ላይ ናቸው፤ ሳባ ታስገባቸዋለች። ትርንጎዬ፣ ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ ክዳኑን አንዴም አልከፈትኩትም።

ያንቺው ታደሰ